ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ሪክን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት። ጋምቤላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል።

ወንዳፈረው እባላለሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ወደዚህ ሲመጡ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ እዚሁ ሲያርስ ኖሮ እዚሁ ተቀበረ፤ ወንድሞቼ ዛሬም ያርሳሉ። እኔ ግን እርሻው አልሆነልኝም፣ በሃያ ዓመቴ መኪና ላይ ወጣሁ። ዲማ ለወርቅ ቆፋሪዎች እህልና ቆርቆሮ አመላልሻለሁ። የኢታንግን መንገድ ጉድጓዱን አንድ በአንድ እስካውቀው ድረስ ነድቼበታለሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ለስደተኛ ካምፖች እህል በሚያጓጉዝ የግል ድርጅት ውስጥ የሹፌሮች አሠልጣኝ ሆንኩ። ሹፌር ሆኜ ቁጡ ነበርኩ፣ አሠልጣኝ ሆኜም አልተሻለኝም። ሠልጣኞቼ ከኋላዬ «በርበሬው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያንገበግበኝ ነበር። የካምፑን እህል የሚያመላልሱት ሹፌሮች በሙሉ ከመሐል አገር የመጡ ናቸው። የጋምቤላ ልጅ ጆንያውን በጀርባው ያወርዳል እንጂ መሪው ጋ አይደርስም። ለምን ሲባል «ልምድ የላቸውም» ይባላል። ካልነዱ ልምዱ ከየት ይመጣል? ከሰማይ ይዘንባል? ሥራ አስኪያጃችንን ዕዝራን በዚህ ጉዳይ ዓመት ሙሉ ጨቀጨቅኩት። ዕዝራ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወጣት ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ነገሩ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ አይታየውም። በመጨረሻ ሰለቸውና፣ «እሺ ጋሽ ወንዳፈረው፣ በኢታንግ በኩል የሚሄደውን የትየርኪዲ ካምፕ መስመር ለአካባቢው ልጆች እንስጥ» አለኝ። «ሦስት መኪና ነው፣ በአንድ መኪና ሁለት ሹፌር። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ቀን ድረስ ስድስት ሰው ምዘናውን ካለፈልዎት መስመሩ የእነሱ ነው። አምስት ከሆኑ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደ ድሮው ከመሐል አገር አስመጣለሁ።»

መንጃ ፈቃድ ይዘው ሥራ ያጡ ስድስት ሰዎች ሰበሰብኩ። አምስቱ ወንዶች ነበሩ፤ ስድስተኛዋ ኛኩዎል የምትባል ሴት ናት፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች። መጀመሪያ ቀን ጎማውን በእርግጫ መታ መታ አድርጌ «ንፋሱ እንዲህ አይለካም» ስል፣ «ታዲያ ለምን ትመታዋለህ ቲቸር፣ ምን አደረገህ?» ያለችኝ እሷ ናት።

ሪክ ደግሞ ከሁሉም ረጅሙ ነበር። ጋቢና ሲገባ ጉልበቱ መሪውን ይነካል፤ «አንተን ለመጫን ጣሪያውን መቅደድ ሊኖርብን ነው» እለው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ በሕይወት የለም፤ እናቱ ኛሬአት ገበያ ዓሣ ትሸጣለች፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ድረስ ባሮ ዳር ከአጎቶቹ ከብት ጋር ነው ያደገው። ከብቱ ባለበት ያድራል፣ ከብቱ ሲነሳ ይነሳል። ከተማ ገብቶ ትምህርት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መንገድ ላይ ከብት ስናልፍ የእያንዳንዷን መልክ በኑዌርኛ ይነግረኛል። እኔ ቡሬ፣ ቦቃ፣ ዳለቻ ብዬ አበቃለሁ፣ የሱ ግን አያልቅም። ልጁን ወደድኩት። አሠልጣኝ ማዳላት የለበትም ይባላል፤ እኔ አዳላሁ።

የምዘናው ቅጽ ሃያ አራት ተራ ቁጥር አለው። በያንዳንዱ ፊት ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «ብቁ»፣ ሌላው «ገና ብቁ ያልሆነ»። ተራ ቁጥር አሥራ አራት «ድንገተኛ እንቅፋት ሲያጋጥም መሪ ሳይጠመዝዙ ፍሬን መያዝ» ይላል። ሌላ አገር ይኼ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። የኢታንግ መንገድ ግን ከረግረጉ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ግራና ቀኙ ቁልቁለት ነው፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ከሣሩ ውስጥ ደግሞ ከብት ሳይታሰብ ይወጣል። አሥር ቶን የጫነ መኪና በዚያ ላይ መሪው ከተጠመዘዘ፣ ከዚያ ወዲያ የሚነዳው ጭነቱ ነው፣ ሹፌሩ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ትጨብጣለህ፣ ፍሬን ትይዛለህ፣ ላሟ ከተረፈች ትተርፋለች። ካልተረፈች ከባለቤቷ ጋር ሽማግሌ ያነጋግራችኋል። «ላም በላም ይተካል፣ ሰው በምን ይተካል?» እያልኩ ጆሯቸው እስኪደነቁር ነግሬአቸዋለሁ።

ለልምምድ ከግቢያችን ጀርባ ባለው ሜዳ ባዶ በርሜል በገመድ እየጎተትኩ መኪናው ፊት አስገባባቸው ነበር። ሪክ ሃያ ጊዜ በርሜሉን ገጠመው። ሃያውንም ጊዜ መሪውን ንቅንቅ አላደረገም። ሁለቴ በርሜሉን ጨፍልቆታል፣ እኔም አበጀህ አልኩት።

ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን የሪክ የመንገድ ምዘና ነበር። መኪናው ላይ ግማሽ ጭነት አሸዋ ጭነናል። ሪክ መሪው ላይ ነው፣ እኔ መሐል ተቀምጫለሁ፣ ኛኩዎል ተራዋን እየጠበቀች በበሩ በኩል ናት። ሁሉን ነገር እንደ ውሃ ጠጣው። አነሳሱ፣ ማርሽ አቀያየሩ፣ ድልድይ ላይ አቀራረቡ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ይመስል ነበር። ወደ ኢታንግ ግማሽ መንገድ ስንደርስ በግራ በኩል ካለው ሣር አንዲት ላም ብቅ አለች።

በርሜሉ ቢሆን ኖሮ ሪክ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ላሟን ሲያይ ግን ሁለት እጁ መሪውን ወደ ቀኝ ወሰደው። የቀኝ ጎማዎች ከመንገዱ ወረዱ፣ መኪናው ዘመመ፣ የኛኩዎል ራስ መስተዋቱን መታው። ግማሽ ጭነት ባይሆን ኖሮ እዚያው ባለቀልን ነበር። ሪክ እንደምንም መልሶ አወጣውና አቆመ። ላሟ ዘወር ብላ አይታን መንገዷን ቀጠለች።

«ምን ብዬህ ነበር?» አልኩት። 

«ቀጥ አድርገህ ፍሬን ያዝ።»

«ምን አደረግክ?»

«እጄ ሄደ ቲቸር።»

«በርሜሉ ሲመጣብህ ሃያ ጊዜ ቀጥ ብለህ አልቆምክም?»

«በርሜል በርሜል ነው። ይቺ እርጉዝ ናት» አለኝ።

ሊቀልድብኝ ፈልጎ አይደለም። ዓይን እርግብ በሚልባት በዚያች ቅጽበት ላሟ እርጉዝ መሆኗን አይቷል። እኔ ቀንዷን እንኳ ልብ አላልኩም። «ሁለተኛ ብትደግማት ጣትህን ነው የምሰብረው» ብዬ ጮህኩበት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ኛኩዎል በበሩ በኩል ግንባሯን ታሻሽ ነበር።

ቢሮ ተመልሼ ቅጹን ዘረጋሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፣ አላውቅም ብዬ አልዋሽም። ልጁን ሁለት ሳምንት ይዞ ወንድሞቼ ጋ መውረድ ነበር። የወንድሞቼን ከብቶች መንገድ ላይ እያወጡ፣ በቀስታ እያስነዱ፣ እጁ እስኪለምድ ድረስ ከእውነተኛ ላም ጋር ማለማመድ። ሌላ መድኃኒት አልነበረውም። ግን የቀረኝ ሁለት ቀን ነው። «ገና ብቁ ያልሆነ» ብል ስድስቱ አምስት ይሆናሉ፣ መስመሩም ይሄዳል፣ የኛኩዎልም የሌሎቹም ልፋት ገደል ይገባል። ዕዝራን ሁለት ሳምንት ጨምርልኝ ማለት ይቻል ነበር። እሱንም አላልኩም። እያደር ይለምደዋል አልኩና ብዕሬን አንስቼ «ብቁ» ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ፈረምኩ።

ለልጆቹ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን መሸነፍ ጠልቼ ነው፤ ዕዝራ «አላልኩዎትም?» እንዲለኝ አልፈለግኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

የምስክር ወረቀቱን በወሰደ ማግስት ሪክ እናቱን ይዞ ቤቴ መጣ። ኛሬአት ክንድ የሚያህል ዓሣ በሣር ጠቅልላ ይዛለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። «ልጄን ሰው አደረግክ» አለችኝና እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ያን ዓሣ በላሁት። ጣፍጦኝም ነበር።

ግንቦትና ሰኔ በሰላም አለፉ። ሪክና ኛኩዎል አንድ መኪና ተሰጣቸው። እህሉን ትየርኪዲ አድርሰው ሲመለሱ ሪክ በመስኮት እጁን ያውለበልብልኛል፤ ኛኩዎል «ቲቸር፣ ጎማውን ሳንመታው መጣን» ትለኛለች። እኔም ቀስ በቀስ ተራ ቁጥር አሥራ አራትን ረሳሁት። እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራሁ ሁሉ ይመስለኝ ጀመር።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኛኩዎል ናት።

«ቲቸር» አለችኝ፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ። «ሪክን ስጠራው አይመልስልኝም።»

በድርጅቱ ፒካፕ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መኪናው ከመንገዱ ወርዶ ውሃው ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ጆንያዎቹ ተበታትነው ማሽላው ጭቃው ላይ ፈሷል። ኛኩዎል የተሰበረ ክንዷን በሻሿ አንገቷ ላይ አስራ መንገዱ ዳር ተቀምጣለች። ሰዎች ሪክን አውጥተው ሣር ላይ አስተኝተውታል፣ ፊቱ ምንም አልሆነም። ረጅም ስለነበር የሸፈኑት ነጠላ እግሩ ጋ አልደረሰም።

ኛኩዎልን አልጠየቅኳትም። እሷ ነገረችኝ። «ነጭ ላም ናት። ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ቀጥ አድርግ ብዬ ጮኽኩ፣ ግን እጁ ሄደ» አለችኝ። ከብት ጠባቂው ሽማግሌ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ያለቅሳል። ላሟ ከሌሎቹ ጋር ሆና ትግጣለች። እዚያ ቆሜ ላሟን ጠላኋት፣ መንገዱን ጠላሁት። ከሁሉም በላይ የጠላሁት ይቺን ቀኝ እጄን ነው።

ከቀብር በኋላ በአራተኛው ቀን ዕዝራ ቢሮው ጠራኝ። እሱም አልቅሶ ዓይኑ ቀልቷል። የሪክ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የአደጋ ሪፖርት ይፈልጋል። ፋይሉን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። አሥራ አራትም ላይ ብቁ ይላል፣ የእርስዎ ፊርማ አለበት። ስለዚህ ሥልጠናው አይነካም፣ ሌሎቹም አምስት ሹፌሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱን አነበብኩት። «አደጋው የደረሰው ሹፌሩ በብቃት የሠለጠነበትን የአነዳድ ሥርዓት ሆን ብሎ በመተላለፉ ነው» ይላል።

«ሆን ብሎ?» አልኩት።

«አጻጻፉ እንደዚያ ነው። ለሞተ ሰው ምን ይለውጣል? ለቀሩት ግን ይጠቅማል።»

ዕዝራ የተናገረው ከልቡ ነበር፣ እሱ የሚያውቀው ወረቀቱ ያለውን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሞኙም እኔ፣ ወረቀቱም የኔ። «አንብቤ ላምጣው» ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በቀጥታ ወደ ኛኩዎል ቤት ሄድኩ። ክንዷ በጀሶ ተጠቅልሏል። ወረቀቱን ሰጠኋት፣ አንብባ መለሰችልኝ።

«ሪክ ያልቻለውን ነገር ነው እንዴ የተላለፈው?» አለችኝ። «እኔ በምዘናው ቀን እዚያው ነበርኩ ቲቸር። ራሴን ነው የመታኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እውነቱን ከጻፍክ መስመሩን ይወስዱብናል።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።»

ሁለት ልጆች አሏት፤ ከዚህ ሥራ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ፣ ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። «ሪክ ሰካራም ነበር እንዴ? እብድ ነበር? ሆን ብሎ ራሱን የሚገድል ሰው ነው ሊሉት ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ጻፍ» አለችኝ።

ጻፍኩ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ያደረግኩት ምልክት ሐሰት መሆኑን፣ ልጁ በምዘናው ቀን እንዳልቻለና ይኼን እያወቅኩ እንደፈረምኩ፣ ሁለት ሳምንት ያስፈልገው እንደነበረ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ዕዝራ አነበበውና ራሱን ያዘ። «ምን አደረጉ ጋሽ ወንዳፈረው፣ ምን አደረጉ» እያለ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደደ። በሳምንቱ እኔ ከሥራ ተሰናበትኩ። አምስቱ ሹፌሮች እንደገና በሌላ መዛኝ እስኪታዩ ድረስ ከመሪ ተነሱ፤ መቼ እንደሚታዩ የሚያውቅ የለም። የትየርኪዲን መስመር ከመሐል አገር የመጡ ሹፌሮች ይዘውታል። ከአምስቱ ሦስቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም አይሉኝም። አልፈርድባቸውም።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ እግሬ እምቢ አለኝ። በስምንተኛው ቀን ኛኩዎል መጥታ «ተነስ» አለችኝና አብረን ወደ ሪክ እናት ቤት ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለለቅሶ በተወጠረው ሸራ ሥር ተቀምጠው በኑዌርኛ ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ኛሬአት ጎጆዋ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ናት። ስታየኝ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ውሃም አስመጣችልኝ። ውሃውን መጠጣት አልቻልኩም።

«የሪክ እናት፣ ጥፋቱ የሪክ አይደለም፣ የኔ ነው» አልኳት። ኛኩዎል ልታስተረጉም ስትል ኛሬአት በእጇ ከለከለቻት። እኔ ቀስ ብዬ በቀላል አማርኛ ሁሉን ነገርኳት። ላሟን፣ ወረቀቱን፣ ምልክቱን ነገርኳት። አለመቻሉን አውቄ ይችላል ብዬ እንደፈረምኩ ስናገር እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «ላሟስ?» አለችኝ።

«ተርፋለች።»

ራሷን ነቀነቀች። «ትንሽ ሆኖ ጥጃ ሲመታ እጁን እመታው ነበር» አለች። «እጁ እንደዚያ እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ነገር ያስተማርኩት መስሎኝ።»

«ጥሩ ነገር ነው ያስተማርሽው» አልኳት።

«አንተ እጁ ከመኪና ጋር እንዲስማማ ለማድረግ ስንት ቀን ትፈልግ ነበር?»

ልዋሻት ፈለግኩ። ስድስት ወር፣ ዓመት፣ በጭራሽ የማይሆን ነገር ነበር ልላት ፈለግኩ። ኛኩዎል አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች።

«ሁለት ሳምንት» አልኩ።

ኛሬአት የሰማችው ነገር ትክክል መሆኑን ኛኩዎልን በኑዌርኛ ጠየቀቻት። ኛኩዎል መለሰችላት። ኛሬአት ወደኔ ዞረች፣ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ሁለት ሳምንት ትንሽ ነው» አለችኝ። «ቤቴ ብትመጣ፣ ኛሬአት ልጅሽን ሌላ ሁለት ሳምንት ስጪኝ ብትለኝ፣ እሰጥህ ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም?»

መልሴን እየጠበቀች ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል ተቀምጣ ቆየች።